የሚያልቅ ፈቃድ

ሳውዝላንድ፣ ኒውዚላንድ
ነሐሴ 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጠዋት ይሁን፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይኑርሽ፤ ልጄ ሜላትም ከጎንሽ ትሁን። እኔ ደህና ነኝ። እጆቼ ብቻ ከብርዱ የተነሣ ተሰነጣጥቀዋል።

አይ፣ ከላሞቹ ጋር አላድርም። ማን እንዲህ ብሎ እንደነገረሽ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የምኖረው ከማለቢያው ከፍ ብላ በተሠራች የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ማለዳ ጭጋጉ ሜዳውን ሲሞላው ላሞቹ አይታዩም፤ እስትንፋሳቸው ብቻ ይሰማል። ቆይተው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ሙሉ ላም። አንዳንዴ ከመጨረሻዋ ላም ኋላ የማውቀው ሰው የሚወጣ ይመስለኝና በሩን ሳልዘጋ ትንሽ እቆያለሁ።

ቀኑም እዚህ ቀድሞ ነው የሚነጋው። ይህን ስጽፍልሽ እኔ ሐሙስ ላይ ነኝ፤ እናንተ ገና ከረቡዕ አልወጣችሁም። ስለዚህ የምጽፍልሽ ከነገ ነው። ነገ ደህና ነው፤ አትስጊ።

የፈቃዴን ነገር ደግሞ ልመልስልሽ። ሁለት መንገድ ተከፍቶልኛል፤ በሁለቱም መሄድ ግን አልችልም።

አንደኛው የግራሃም ነው። ግራሃም አሠሪዬ ነው፤ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ገበሬ። በእሱ ስፖንሰርነት የሦስት ዓመት የሥራ ቪዛ ሊያስወጣልኝ ዝግጁ ነው። ቤቱ በነፃ፣ ደመወዙ የተሻለ፣ የከብቱ ሁሉ ኃላፊ እኔ። ነገር ግን ቪዛው የታሰረው በእሱ እርሻ ነው። ከእሱ ቤት የወጣሁ ዕለት አገሩም ያስወጣኛል። በዚያ ቪዛ ሜላትን ማምጣት በእኔ አቅም አይሞከርም።

ሁለተኛው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የማንም አሠሪ ስም የለበትም። አንዴ ካገኙት በፈለጉበት ይሠራሉ፣ ወጥተው ይገባሉ፣ ልጅም ያመጣሉ። ግን በትምህርት፣ በዕድሜና በሙያ እየተመዘነ የሚሰጥ ነው፤ ከባድ የእንግሊዝኛ ፈተና አለው፤ ከዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ መጨረሻው እንቢ ሊሆንም ይችላል። ለዚያም ከግራሃም ለቅቄ፣ ከተማ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ በተማርኩበት ሙያ ከታች መጀመር አለብኝ። ግራሃም በግልጽ ነው የነገረኝ፦ «ከአንተ በፊት የነበሩት መኖሪያቸውን ሲያገኙ ጥለውኝ ሄዱ። ወይ ሦስቱን ዓመት ፈርምልኝ፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ።» መልሴን የሚጠብቀው ላሞቹ ወልደው እስኪጨርሱ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው።

ባለቤቴ ህይወት ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። ሜላትን ወልዳ ከዚያ አልጋ ሳትነሣ ከቀረች ወዲህ ግን ካንቺ በቀር የምጠይቀው የለኝም። እኔን አሳድገሽ አልበቃ ብሎሽ ልጄን የምታሳድጊው አንቺ ነሽ። የቱን ልያዝ?

ደግሞ አንድ ነገር። የሽንዲው አናጺ ይታገሱ፣ የበርበሬ ቆጥሽን የሠራው፣ ሽማግሌ ላከብሽ የሚባለው እውነት ነው? ምነው ዝም አልሽኝ?

ወንድምሽ ናሁሰናይ


ቡሬ
መስከረም 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣ ናሁዬ፣

ከነገ የላክኸው ደብዳቤ ብዙ ትናንት አልፎበት ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን፤ ክረምቱ በሰላም ወጥቶልናል። የወንበርማ ሰዎች ዘንድሮ በርበሬው አምሯል ይላሉ። ካማረ ዋጋው ይወርዳል፤ ካላማረ እኔ እወርዳለሁ። የነጋዴ ነገር እንዲህ ነው።

ስለ ሜላት በፊተኛው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝን ሁሉ እነሆ። አዎ፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ጣሪያ ላይ ወርውራዋለች። አዎ፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። መምህሯ የምድርን ሉል አሳይታቸው፣ «የሜላት አባት ያለው ከሥራችን ነው» ብላቸዋለች መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ትገባና ጆሮዋን መሬት ላይ ትለጥፋለች።

«ምን ትሰሚያለሽ?» ስላት፣

«ላሞች» ትለኛለች።

አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ እኔም ተኝቼ አዳመጥኩ። ምን እንደሰማሁ አልነግርህም።

ስለ አንተ ጉዳይ የንስሐ አባታችንን መምሬ ወልደ ዮሐንስን አማከርኳቸው። ሁለቱን ፈቃድ አንተ እንደጻፍከው አስረዳኋቸው። ሳቅ አሉና «አንደኛው የደሞዝ ጋብቻ፣ ሁለተኛው ቁርባን ነዋ!» አሉኝ። «እና የቱን ልምከረው፣ አባቴ?» ብላቸው፣ «እሱን ከመምከርሽ በፊት ለማን ብለሽ እንደምትመክሪው ለራስሽ ንገሪያት» ብለውኝ ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። የሳቸው ንግግር መቼም ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የእኔን ምክር ከፈለግህ የግራሃምን ያዝ። የታወቀ ቤት፣ የታወቀ ደመወዝ፣ የታወቀ ጌታ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። ከተማ ወርደህ ፈተናው ቢከብድህ፣ ክሊኒኩ ባይስማማህ፣ ወዴት ትገባለህ? ሦስት ዓመት ምን አላት? ሜላት እኔ ዘንድ ናት፤ ምንም አይጎድልባትም። ገና ልጅ ናት፤ ትጠብቃለች።

የአናጺው ወሬ እውነት ነው። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አልፈልግም አልኩ። ሰውየው ነውር ኖሮበት አይደለም። ሚስቱን በወጉ የቀበረ፣ ልጆቹን የዳረ፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ግን አሁን ጊዜው አይደለም፤ እኔም የማሳድጋት ልጅ አለችኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ካልሲ ድርብ አድርገህ ልበስ። እጅህን ቅቤ ቀባው፤ ላም ያለበት አገር ቅቤ አይጠፋም መቼም።

እህትህ ባንቺአየሁ


ሳውዝላንድ
ጥቅምት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽን ማለቢያው ውስጥ፣ ሞተሩ እየጮኸ አነበብኩት። ከዚያ ውጭ ወጥቼ በጸጥታ ደገምኩት። ሸክም ወረደልኝ። አንቺ ያልሽው ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፤ ከተባለ በኋላ ከመጀመሪያውም ሌላ መንገድ ያልነበረ ይመስላል።

ለግራሃም ነገርኩት። እጄን ጨበጠኝ፤ ከዚያ ወደ ላሞቹ ዞሮ ረዘም ላለ ጊዜ አፍንጫውን ጠረገ። ሕግ አዋቂው በወሩ መጨረሻ መጥቶ ያስፈርመናል።

ጥጆቹ እንደ ዝናብ እየወረዱ ነው። የቱ ዛሬ የቱ ትናንት እንደተወለደ ይምታታብኛል። እንቅልፍ ስለማይሞላልኝ በቁሜ ነው የማልመው። ባለፈው አንዲት ጊደር አጠገብ ተንበርክኬ ሳለሁ ህይወት ትከሻዬን የነካችኝ መሰለኝና ዞር አልኩ። ዝናብ ነበር። አልደነገጥኩም። እዚህ አገር ሰው በጭጋግ ውስጥ ስለሚኖር ያለውና የሌለው ያን ያህል አይራራቁም።

ለሜላት ንገሪልኝ፦ ዛሬ ጠዋት ወደ እናንተ ቁልቁል ምድሩን በቦቲዬ ደጋግሜ ረግጫለሁ። ሰምታ እንደሆነ ትጻፍልኝ።

እሑድ ጎረቤታችን ሀብትነሽ ቤት ደውዬ ነበር። «ፍኖተ ሰላም ለጉዳይ ሄዳለች» አለችኝ። ሜላትስ ብላት «አብረው ናቸው» አለችና መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ብሞክር አልነሣም አለ። በርበሬው ሳይለቀም፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሁለታችሁም ምን ጉዳይ ነው? ጻፊልኝ።

ናሁሰናይ


ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ቴሌ ሄጄ «አትፈርም» ብቻ ብዬ ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅር በለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። ሀብትነሽንም አትቀየማት፤ እንዳትነግሪው ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን አንብብ፦ ሜላት ድናለች። ይህን ስጽፍ ከጎኔ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ነው፤ ልጣጩን ሳይበጠስ ካልላጥኩ ብላ ትታገላለች። ድናለች። ደግመህ አንብበውና ቀጥል።

በጥቅምት መጀመሪያ በርበሬ ለማየት ወደ ቆላው፣ ወደ ብር ወንዝ ዳር ወረድኩ። እሷም ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች፤ ይዣት ሄድኩ። ቡሬ ተመልሰን ጥቂት ቀን እንደቆየን ተኮሰች። ወባ ነው ተብሎ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጡን፤ ግን ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። ዓይኗ ተገልጦ አታየኝም። ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሷት ተባልን፤ መኪና አልነበረም። ይታገሱ ለቆጥ የሚሆን ጣውላ ጭኖ ለሥራ ቡሬ መጥቶ ኖሮ፣ ወሬውን ሲሰማ ጣውላውን ሜዳ ላይ አራግፎ መኪናውን ይዞልን መጣ። እንቢ ያልኩት ሰው ልጅቱን አቅፎ ሆስፒታል አስገባት። ከዚያም ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሂድ» ብለው «እሺ» ይላል፤ አይሄድም።

ስለ ጭጋጉ የጻፍክልኝን አንብቤላት ነበር። በትኩሳቷ መሐል ያን ያዘች። «እማ፣ አባባ ከጭጋጉ እየወጣ ነው፤ በሩን ክፈችለት» ትለኛለች። ዝም ስላት ታለቅሳለች። በመጨረሻ ተነሥቼ ከፈትኩላት። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ይታገሱ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«አባቷን» አልኩት።

በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ነው ያሰብኩት። አሁን ብደውልልህ ምን ታደርግ ነበር? ብትመጣ፣ ሥራውን ጥለህ ነው፤ ሥራው ከሄደ ፈቃዱ ይሄዳል፤ የመመለሻ በር የለህም። ባትመጣና ልጅቱ ብታልፍ፣ ከራስህ ጋር መኖር አትችልም። ከሁለቱ ምረጥ ብዬ ላልነግርህ ነው ዝም ያልኩት። አየህ፣ አባት ልጁ ስታጣጥር ለመምጣት የሰው ፈቃድ የሚለምንበት ወረቀት፣ እሱን ነው እኔ ያዝ ያልኩህ።

ለምን እንዳልኩህ ልንገርህ። የግራሃም ፈቃድ ሜላትን እኔ ዘንድ ያስቀራታል፤ ሌላው ይወስድብኛል። ደብዳቤህ ላይ «ልጅም ያመጣሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ከዚያ በታች ያለው ፊደል ሁሉ ጠፋብኝ። መምሬም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ ገብቶኝ እንዳልገባኝ ሆንኩ። ህይወት ስታርፍ ልጅቱ ክንድ አትሞላም ነበር። እኔ ልጅ ወልጄ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። «እማ» ብላ የጠራችኝም ማንም ሳይነግራት ነው። ላንተ በጻፍኩት ሁሉ «እታለም ትለኛለች» ያልኩህ ስለማፍር ነው። ሰው ዓይንህን አውጥተህ ስጥ ቢባል መጀመሪያ የሚያደርገው ዓይኑን መጨፈን ነው። እኔም ጨፈንኩ።

አሁን ገልጫለሁ። ቋሚውን ያዝ፤ ፈተናውን ተፈተን፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ቢሆን ጠብቅ። እንቢ ቢሉህ አገርህ አለ። እሺ ቢሉህ ግን ልጅህ ስትጠራህ ማንንም ሳትለምን ትመጣለህ።

ተቆጣኸኝ? ብትቆጣም ጻፍልኝ፤ ዝምታህን ብቻ አልችልም።

ባንቺአየሁ


ኢንቨርካርጊል፣ ኒውዚላንድ
ጥር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

እታለም፣

አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን ይዤ ወንዝ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ «ድናለች» የሚለውን ብቻ እየመላለስኩ። ሌላውን ያነበብኩት በማግሥቱ ነው። ከዚያ አለቀስኩ፤ ለእሷም፣ ብቻሽን በሩን ይዘሽ ለቆምሽውም። ይህን ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት ቃል ስላጣሁ ነው እንጂ ተቀይሜ አይደለም።

አዎ፣ አልፈረምኩም። የደወልሽ ጊዜ ሕግ አዋቂው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ግራሃም መነጽሩን እየጠረገ ነበር።

«እህቴ አትፈርም አለችኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«አላወቅሁም።»

«ምክንያቱን ሳታውቅ ትታዘዛለህ?»

«ያሳደገችኝ ናት።»

ብዕሩን ኪሱ መለሰው። «እኔ እህት የለኝም» አለኝ። ደብዳቤሽ ሲደርስ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። በማግሥቱ ሻንጣዬን ራሱ መኪናው ላይ ጫነና እስከዚህ ከተማ አደረሰኝ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ብቻውን መቅረት የፈራ ሰው ነው። አሁን ለሱ አዝናለሁ፤ ሲያሰናብተኝ እጁን ያወዛወዘው መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ወደ ፊት እያየ ነው።

ክሊኒኩ ተቀብሎኛል። ማመልከቻዬን በገና ሰሞን አስገብቻለሁ። ከላም ወደ ውሻና ድመት ወርጃለሁ፤ ፈረንጅ ድመቱ ሲታመምበት የሚያለቅሰውን አለቃቀስ ብታዪ ቡሬ ላይ ለሰው እንኳ አይደረግም ትያለሽ። የምከራየው ክፍል ከዳቦ ቤት በላይ ነው፤ ሽታው ከመንጋቱ በፊት ይቀሰቅሰኛል፤ ያኔ እንግሊዝኛዬን አጠናለሁ። አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍና ንቃቴ ሳይለያይ የፈተናውን ጥያቄ በአማርኛ እመልሳለሁ።

ልጅ ብቻህን ማሳደግ ትችላለህ ወይ ብትይኝ፦ አላውቅም። ከአንቺ የሰማሁት አለ፤ እንዴት እንደሚያዙ ራሳቸው ያስተምራሉ አይደል? እማራለሁ።

«እማ» ማለቷን አትከልክያት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ህይወትም ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ለይታገሱ በእኔ ስም እግሩን ሳሚልኝ። ደግሞ፣ እንቢ ማለትሽ አሁንም እንቢ ነው?

ናሁሰናይ


ቡሬ
መጋቢት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

«ወጣ! ለሁለታችንም ወጣ!» ብለህ ስትጮህ የቴሌዋ ልጅ ሳትቀር ሰምታ እንኳን ደስ ያላችሁ አለችኝ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። እግዚአብሔር ግማሹንም ይቀበላል።

ነገርሻት ወይ ብለሃል። ነግሬያታለሁ። ጓሮ በርበሬ እየለየን ነበር፤ እሷ ጥሩውን፣ እኔ የተበላሸውን።

«አባባ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ፤ ያንቺም ስም አለበት። ሊወስድሽ ይመጣል» አልኳት።

«ያንቺስ?»

«የእኔ የለበትም።»

«ለምን?»

«ለአባትና ለልጅ ብቻ ነው የሚሰጡት።»

አንዷን በርበሬ አንሥታ በፀሐይ አየቻትና «ጻፊበት በያ!» አለችኝ። አይቻልም ስላት ተነሥታ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ሰንብታ ነው ያናገረችኝ። ያናገረችኝም ስለሱ አልነበረም፤ «እዚያ አገር ስሜን መጥራት ይችላሉ?» ነው ያለችኝ። ይችላሉ አልኳት። ካልቻሉ አስተምራቸው።

ሰሞኑን በሕልሜ ጓሮው ውኃ ይሆናል። በርበሬው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሜላት በዚያ ቀይ ላይ እየተራመደች ትሄዳለች፤ አትሰጥምም። መምሬን ብጠይቃቸው «ካልሰጠመች ምን ያስፈራሻል?» አሉኝ። ሌላ ፍቺ ፈልጌ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሰው አትላክባት፤ ራስህ ና። መጥተህም ወዲያው አትሂድ። ቤቱ ውስጥ ተቀመጥ፤ ትምህርት ቤት አድርሳት፣ ትቆጣህ፣ ትኩረፍህ፣ ትልመድህ። ድሮ ቢሆን ጌታህ ይቆጣል እል ነበር። አሁን ግን ፈቃዱ የራስህ ነው፤ የሚያጣድፍህ የለም። ለዚህ ካልሆነ ምኑን ቋሚ ሆነው?

በግንቦት እንጠብቅሃለን። ስለ ይታገሱ የምትጠይቀውን ነገር ተው አልኩህ እኮ።

ባንቺአየሁ


ኢንቨርካርጊል
ሐምሌ 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለም፣

በሰላም ገብተናል። በስልክ የነገርኩሽ ይህን ብቻ ነው፤ ያልነገርኩሽም አለ።

ቡሬ መናኸሪያ «ከዚህ አልፌ አልሸኝም» ስትይ ደግ አደረግሽ። አውቶቡሱ ሲነሣ ሜላት አላለቀሰችም። መስኮቱ ላይ ግንባሯን ደግፋ፣ አንቺ ነጭ ነጥብ እስክትሆኚ አየችሽ። ከእኔ ጋር ሰባት ሳምንት አንድ ቤት ኖራ፣ ኩርፊያዋንም ጨርሳ፣ አባባ ማለት ጀምራ ነበርና ልቤ ሙሉ ነበር። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አውቶቡሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ቀና ብላ የሆስፒታሉን መንገድ አየችና፣ ከእጄ ወጥታ ወረደች።

ተከትያት ወረድኩ። መንገዱ ዳር የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀምጣለች።

«አልሄድም» አለችኝ።

ረዳቱ ይጣራል፤ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ሻንጣችንን አስወረድኩና «ሂዱ» አልኳቸው። ሄዱ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ብትፈልጊ ወደ እማ እንመለስ» አልኳት። «ፈቃዱ አይቃጠልም። በሌላ ቀን እንሄዳለን፤ ወይም በሌላ ወር። የሚቆጣን ሰው የለም።»

«እውነት?»

«እውነት።»

የማንጎ ሻጮቹ አዩን፤ አንዷ መርጣ ሰጠቻት። ሜላት በልታ ጨርሳ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ አየች፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውንም አየች። ከዚያ «ነገ እንሂድ» አለችኝ። ወደ የት እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። እዚያው ፍኖተ ሰላም አደርን፤ በማግሥቱ ቀድማኝ ተነሥታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጋ ቆማ አገኘኋት።

ያን ቀን አብረሽ ብትሆኚ ኖሮ እሷም አትመርጥም፣ እኔም አላስመርጣትም ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ግራሃም ቪዛ ቀን የተቆረጠበት ፈቃድ ይዤ የመጣሁ ብሆን ኖሮ፣ በጉተታም ቢሆን አውቶቡሱ ላይ እመልሳት ነበር፤ የምደርስበት ቀን አለኛ! ይህን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት።

እዚህ ከደረስን ወዲህ አብዛኛውን ትተኛለች። ስትነቃ «ዛሬ ምንድን ነው? እማስ ዛሬ ላይ ናት?» ትለኛለች። ትናንት ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ወሰድኳት። መዝጋቢዋ የእናት ስም ጠየቀችኝ። «ህይወት» አልኩ። ሜላት እጄን ጎተተችና «ሁለት ናቸው በላት» አለችኝ። ነገርኳት። ሴትየዋ ቦታው ለአንድ ስም ነው የሚበቃው ብላ ፈገግ አለች። ሜላት ብዕሩን ተቀብላ፣ በአማርኛ፣ ጥቃቅን አድርጋ ሁለታችሁንም ጻፈች። ሴትየዋ ማንበብ አልቻለችም፤ ግን አልሰረዘችውም።

ጻፊልኝ። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ።

ናሁሰናይ


ቡሬ
መስከረም 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ናሁዬ፣

የሜላትን ደብዳቤ ለብቻው አሽጌዋለሁ፤ እንዳትከፍተው። ይህ ያንተ ነው።

ቆጭቶሽ ያውቃል ወይ ብለህ በስልክ ላልከኝ፦ አልቆጨኝም። ትናፍቀኛለች። ሁለቱን ስለማቀያይር ነበር መጀመሪያ ላይ የከበደኝ። የሄዳችሁ ዕለት መናኸሪያው ባዶ ሲሆን ቤቴ መግባት ጠላሁ። ገበያ ለገበያ ዞርኩ፤ ሳልገዛ ዋጋ ጠየቅሁ። ፍኖተ ሰላም ማደራችሁን ያኔ ባውቅ ኖሮ በእግሬም እመጣ ነበር፤ እንኳን አልነገርከኝ።

ለፍልሰታ ግሽ ዓባይ ሱባዔ ገባሁ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሰው በጎጆ በጎጆው ያንሾካሹካል። ዓባይ እዚያ ላይ ገና ምንም አይደለም፤ ልጅ ይሻገረዋል። ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያልነገረው ይመስላል። ጠዋት ጠዋት አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ምን እንደጸለይኩ አላስታውስም፤ ስመለስ ግን እግሬ ቀሎኛል።

ቤት ስደርስ ሰው ጣሪያዬ ላይ አገኘሁ። የሚያፈስበትን ማን እንደነገረው እንጃ፣ ይታገሱ ቆርቆሮውን እየመታ ነው። ከታች ቆሜ፣

«ያኔ የላክሃቸው ሽማግሌዎች ደህና ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናቸው» አለኝ ቀና ሳይል።

«ቡሬ የሚያመጣቸው ጉዳይ የለም?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አልወረደም፤ መሰላሉን ያጣው ይመስል ዙሪያውን ያያል። ከመስቀል በኋላ በነበረው እሑድ መጡ። እሺ አልኩ። ሽንዲ ያለውን ቤቱን ለልጁ ትቶ እሱ ወደዚህ ይመጣል። ከነቢያት ጾም መግቢያ በፊት በቁርባን እንጋባለን። ለሜላት ነግሬያታለሁ፤ በስልክ «ሲያቅፈኝ የጣውላ ሽታ ነበረው» አለችኝ። አታስታውስም ብዬ ነበር።

አሁን እኔን በተመለከተ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ጠበቃ አማክረህ፣ መንገድ ፈልገህ ለዘለቄታው ልውሰድሽ ማለትህን ሰምቼ ሙሉ ቀን ሳቅሁ፤ ወደ ማታ ደግሞ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አይሆንም። ሜላት ገና ብዙ መንገድ አላት፤ ለእሷ የማያልቀው ፈቃድ ይሻላታል። እኔ በርበሬዬ እዚህ ነው፤ የወላጆቻችን መቃብር እዚህ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬም ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አግኝቻለሁ።

ለእኔ የሚያልቀውን አስወጣልኝ፤ የመመለሻው ቀን በግልጽ የተጻፈበትን። በርበሬው ከተሸጠ በኋላ፣ በየካቲት ይሁን። ልጄን ፀጉሯን ልሥራት፣ የክፍል ጓደኞቿን ስም ልማር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍልህን ልጥረግልህ። ቀኑ ሲደርስ ሁለታችሁም አትለምኑኝ፤ አውሮፕላኑ ድረስ ሸኙኝ። ይታገሱ ቡሬ መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበለኛል።

እህትህ ባንቺአየሁ